ጓደኛሞች የፐንክና የኢሞ ባንድ እንዴት ይመሠርታሉ፦ ከአራት ኪሎና ከፒያሳ መካከል

ጊታር ከመግዛታችሁ በፊት ቀን ቁረጡ። ሦስት ወይም አራት ጓደኛሞች በየሳምንቱ በአንድ ቀንና በአንድ ሰዓት፣ ዝናብ ቢዘንብም መብራት ቢጠፋም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ለመገናኘት ከተስማሙና ይህን ቃላቸውን ለሁለት ወር ካከበሩ ባንድ አላቸው ማለት ይቻላል፤ የቀረው በጊዜ ይሟላል። እኛ አራታችን ያደግነው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ከመካከላችን ሁለቱ ከነቤተሰቦቻቸው ወደ ከተማው ዳር ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ጊታራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው የሚመጡት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚል ቀጠሮ ስላለን ነው። ሰፈሩ ተበትኖ ጓደኝነቱ የቆየልን በዚህ ቀጠሮ በመሆኑ፣ ከዚህ በታች የምሰጠው ምክር ሁሉ ባንዱን ብቻ ሳይሆን ጓደኝነቱንም የሚጠብቅ እንዲሆን አስቤ ጽፌዋለሁ።

ስለ ሙዚቃው ጥቂት

ፐንክን፣ ማለትም ፈጣንና ጩኸታም የሆነውን የሮክ ዓይነት፣ ለጀማሪዎች የምመክረው ከመነሻው የጀማሪዎች ሙዚቃ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ በሚባለው የከተማዋ ክፍል የተመሠረተው ራሞንስ የተባለ ባንድ በ1976 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈኖች ይዞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዘፈኖቹ በጥቂት ኮርዶች (በአንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) የተሠሩ፣ ረጅም ሶሎ የሌላቸው፣ የሚሉትን ብለው የሚያበቁ ናቸው። ኢሞ ከዚያው ቤት የወጣ ታናሽ ነው፤ በ1984 በዋሺንግተን ዲሲ የተቋቋመው ራይትስ ኦፍ ስፕሪንግ የፐንክን ፍጥነትና ጩኸት ሳይተው ስለ ናፍቆትና ስለ መለያየት ሲዘፍን፣ «ኢሞሽናል» (ስሜታዊ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረው ይህ ስያሜ ለእሱና ለመሰሎቹ ተሰጠ። በዚያችው ከተማ ከእነሱ ቀደም ብሎ የተነሣው ባድ ብሬይንስ የጥቁር ወጣቶች ባንድ ሲሆን፣ የራስታፈሪያን እምነት የነበራቸው አባላቱ እጅግ ፈጣኑን ፐንክ ከሬጌ ጋር እያፈራረቁ ይጫወቱ ነበር።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ የጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላን ከድምፃዊው ጉሮሮ አውጥቶ በሳክስፎን ያሸለለው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ሲጫወት ከኖረው ዘ ኤክስ ከተባለ የኔዘርላንድስ ፐንክ ባንድ ጋር ተጣምሮ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። ሽለላውና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ተስማምተው ሲሄዱ የሰማ ሰው፣ ይህ ሙዚቃ ለእኛ ባዕድ ነው የሚለውን ሐሳብ ይዞ ለመቆየት ይቸግረዋል። በአማርኛ ሮክ መዝፈንም ቢሆን ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም ካወጣ ወዲህ ለአዲስ አበባ አድማጭ አዲስ ነገር አይደለም።

ማን ምን ይይዛል

ሦስት ሰው ይበቃል፤ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ካሉ ከሦስቱ አንዱ ይዘፍናል። አራተኛ ሰው ከተገኘ ሁለተኛ ጊታር ይያዝ፤ በኢሞ አንዱ ጊታር ኮርድ ሲመታ ሌላው ነጠላ ኖታዎችን እያንጠባጠበ መልስ ስለሚሰጥ ሁለት ጊታር ትልቅ ጥቅም አለው። አምስተኛውን ሰው ግን ለመጀመሪያው ዓመት አትጨምሩ፤ የአምስት ሰው ቀጠሮ ማገጣጠም ከልምምዱ በላይ ያደክማል።

ለማግኘት የሚያስቸግረው ድራም የሚመታ ሰው ነው። ጊታር በቦክስ ጊታር ይለመዳል፣ ድራም ግን በየቤቱ የለም፤ ስለዚህ ድራም የነኩ ወጣቶችን በብዛት የምታገኙት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን መካከል ነው። የእኛም ድራመር በመዝሙር ያደገች ልጅ ናት። እንዲህ ያለውን ሰው ስትጋብዙ ምን ዓይነት ዘፈን እንደምትጫወቱ ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሩት፣ እምነቱ የማይፈቅድለት ግጥም ካለም እንዲናገር ዕድል ስጡት፤ ኋላ ከቤተሰቡ ጋር ከሚጋጭ ቀድሞ መነጋገሩ ይሻላል። እናቷ ከ12 ሰዓት በፊት ቤት እንድትገባ ስለፈለጉ እኛ ልምምዳችንን 11 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን፣ ይህንንም እስካሁን አላፈረስንም። ወላጆች የሚያምኑት ባንድ ዕድሜው ይረዝማል።

መሣሪያና ገንዘብ

ገንዘቡን በዕቁብ አሰባስቡ። አራታችሁ በየወሩ እኩል አዋጡ፣ እጣው ግን ለሰው ሳይሆን ለመሣሪያ ይውጣ፤ በመጀመሪያው ዙር ድራም፣ በሁለተኛው የቤዝ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ)፣ በሦስተኛው ማይክና ገመዶች። በዚህ መንገድ የተገዛው ዕቃ የባንዱ እንደሆነ፣ ከባንዱ የሚለይ ሰው የከፈለው ድርሻ ምን ያህሉ እንደሚመለስለትና በስንት ወር እንደሚመለስ በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኛሞች እንዲህ ያለ ወረቀት መጻፍ ያሳፍራቸዋል፤ ነገር ግን ያየኋቸው መራር ጠቦች ሁሉ «ይህ ጊታር የማን ነው» ከሚል ጥያቄ የተነሡ ናቸው። ከባንዱ ውጭ የሆነ፣ አራታችሁም የምታከብሩት አንድ ሰውም ለሽምግልና አስቀድማችሁ ምረጡ።

ሙሉ ድራም አያስፈልጋችሁም፤ የእግር ድራም፣ ስኔር (ከፊት የሚቀመጠው ትንሽ ድራም)፣ ሃይ ሃት (በእግር የሚዘጋ ጥንድ የናስ ሳህን) እና አንድ ሲምባል (ነጠላ የናስ ሳህን) ለፐንክ በቂ ናቸው። እነሱም እስኪገኙ ድራመሩ በትራስና በወንበር ላይ ይለማመድ፣ ምክንያቱም የማይነጥር ነገር ላይ የተለማመደ አንጓ ኋላ በእውነተኛው ድራም ላይ ፈጣን ይሆናል። ለጊታር ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ግዙ፤ ስትገዙ አንገቱ አለመጣመሙንና ማጠንጠኛዎቹ ቅኝት መያዛቸውን አይታችሁ፣ በየፍሬቱ (አንገቱን በሚከፋፍሉት ብረቶች መካከል) እየመታችሁ የሚነዝር ክር እንደሌለ አረጋግጡ።

አሁን ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልናገር፣ ምክንያቱም ያለፍኩበት ነው። በአገራችን የሚሠራው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። የአክስቴ ልጅ ከዚያ አገር የላከልኝን አምፕሊፋየር ጀርባውን ሳላነብ ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ የተቃጠለ ሽታ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነቡ አትሰኩ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ የትራንስፎርመሩም ዋት ከአምፕሊፋየሩ ፍጆታ በእጅጉ መብለጥ አለበት። ሌላው የኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ መስመር) ጉዳይ ነው። በመሀል ከተማ ባሉ አሮጌ ቤቶች ብዙ ሶኬቶች ኧርዝ የላቸውም፤ ጊታር የያዘ ዘፋኝ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ የሚነዝረው በዚህ ምክንያት ነው፣ ንዝረቱም ሊገድል ይችላል። ልምምድ ከመጀመራችሁ በፊት ኤሌክትሪሲያን ጠርታችሁ ኧርዙን አስፈትሹ፣ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ ስኩ፣ ማይኩ መንዘር ከጀመረ ደግሞ ዘፈኑን አቋርጡና መንቀል ይቅደም።

የልምምድ ቦታና ጎረቤት

የምታገኙት ክፍል ምናልባት የአንዳችሁ ቤተሰብ ሰርቪስ ክፍል ነው። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድምፅ ያስቀራል የሚል ወሬ በየቦታው አለ፣ እውነት አይደለም፤ ድምፅን የሚያስቆመው ክብደት ያለው ግድግዳና ቀዳዳ የሌለው በር ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስና አሮጌ ጋቢ የክፍሉን ማስተጋባት ስለሚቀንስ እርስ በርሳችሁ በደንብ እንድትሰማሙ ያደርጋል፣ ጎረቤቱን ግን አያሳርፍም። ጎረቤቱን የሚያሳርፈው የተወሰነ ሰዓትና አክብሮት ነው። ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት በየበሩ ሂዱና «እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ9 እስከ 11 ሰዓት ብቻ ሙዚቃ እንለማመዳለን፤ ከበዛብዎት ይንገሩን፣ እንቀንሳለን» በሉ፤ ያላችሁትንም ፈጽሙ። በሰፈሩ ለቅሶ ካለ ዕቃውን ከፍታችሁ እንኳ አትሞክሩ፤ ድንኳን በመትከሉና ወንበር በመሸከሙ ተሳተፉ። በቅዳሴና በሶላት ሰዓት አትጫወቱ። በሁዳዴ ደግሞ ዘፈን ከማይሰማባቸው ቤቶች አጠገብ ከሆናችሁ እነዚያን 55 ቀናት ግጥም ለመጻፍና ያለ አምፕሊፋየር ዜማ ለማውጣት ብታውሏቸው ሥራችሁ ይቀጥላል፣ ሰላማችሁም ይጠበቃል።

ቤት ካልተገኘ በየወረዳው ያለውን የወጣቶች ማዕከል ጠይቁ። አንዳንዱ አዳራሽ አለው፣ በሥራ ቀን ደግሞ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አይጠፋም፤ የአባላቱን ስምና ዓላማችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ።

ጆሮአችሁንም ጠብቁ። በ85 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ድምፅ ውስጥ ለ8 ሰዓት መቆየት የሚችል ጆሮ፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚችለው ጊዜ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በ100 ዴሲቤል የሚፈቀድለት 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ድራም ያለው ባንድ ደግሞ ወደዚህ ልክ በቀላሉ ይደርሳል። ጥጥ አይበቃም፤ የጆሮ መድፈኛ ፈልጉ፣ እስኪገኝም አምፕሊፋየሩን ከድራሙ በላይ አታስጩኹት።

ፓወር ኮርድና የእኛ ቅኝት

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። የፐንክ ጊታር መሠረቱ ፓወር ኮርድ ነው፤ ይህም የኮርዱን መነሻና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ይዞ፣ ኮርዱን ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘውን ሦስተኛ ድምፅ የተወ ኮርድ ነው። ሦስተኛው ድምፅ በመታጣቱ ምክንያት ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ኤፌክት) ሲከፈት ድምፁ ሳይደፈርስ ጠንክሮ ይወጣል። ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ በአምስት ድምፅ የተሠሩት ቅኝቶቻችን በሙሉ ኮርድ ሲታጀቡ ብዙ ጊዜ የቅኝቱ ያልሆነ ድምፅ ይገባባቸዋል፣ በፓወር ኮርድ ግን ቅኝቱን ሳትለቁ መጫወት ትችላላችሁ።

በእጃችሁ ሞክሩት። ትዝታ ማይነርን ከኢ ብትነሡ ድምፆቹ ኢ (E)፣ ኤፍ ሻርፕ (F#)፣ ጂ (G)፣ ቢ (B) እና ሲ (C) ናቸው። ከእነዚህ ብቻ የሚወጡት ፓወር ኮርዶች ሦስት ናቸው፦ ኢ በስድስተኛው ክፍት ክር፣ ቢ በአምስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ ሲ በአምስተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት። ኢ ላይ አራት ምት፣ ሲ ላይ አራት ምት፣ ቢ ላይ ስምንት ምት ቆይታችሁ ወደ ኢ ስትመለሱ፣ ከላይ የትዝታን ዜማ የሚያንጎራጉር ድምፅ ያለ ችግር ይቀመጥበታል። ኢሞ የሚፈልገው ናፍቆት በትዝታ ውስጥ ቀድሞውኑ አለ፤ ከዋሺንግተን ማስመጣት አያስፈልግም።

ቁጣ ያለበትን ዘፈን ለአምባሰል ስጡት። ከኢ የተነሣ አምባሰል ኢ፣ ኤፍ (F)፣ ኤ (A)፣ ቢ እና ሲ ሲሆን የሚሰጣችሁ ፓወር ኮርድ ኢ፣ ኤፍ እና ኤ ነው። ከኢ ወደ ኤፍ ያለው የግማሽ ድምፅ እርምጃ በፍጥነት ሲመላለስ የሚፈጥረውን ውጥረት ማንኛውም የፐንክ አድማጭ ያውቀዋል፤ የአገራችንም አድማጭ ቅኝቱን ስለሚያውቀው ከሌላ አቅጣጫ መጥቶ እዚያው ይገናኛል። አንቺሆዬ ግን ለጊታር አስቸጋሪ ነውና በመጀመሪያው ዓመት ባትነኩት እመርጣለሁ።

ፍጥነትን በትዕግሥት አሳድጉ። በስልካችሁ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር ፕሮግራም) አውርዳችሁ በደቂቃ ከ120 ምት ጀምሩ፤ አንድ ዘፈን ያለ ስሕተት ሦስት ጊዜ ከዘለቃችሁ በኋላ አምስት ምት ጨምሩ፣ እስከ 170 ድረስ። ከዘፈኖቻችሁ አንዱን በስድስት ስምንተኛ የጭክጭካ ምት ብትሠሩት ደግሞ፣ ፐንክ ሰምቶ የማያውቀው አድማጭ ትከሻ በራሱ ጊዜ ሲነቃነቅ ታያላችሁ።

ግጥም

በአማርኛ ጻፉ። እንግሊዝኛ የሚያምርባቸው ጓደኞች አሉኝ፣ ነገር ግን በእንግሊዝኛ የጻፉትን ሲዘፍኑ የሌላ ሰው ሕይወት ይተርካሉ፤ በአማርኛ ሲጽፉ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ ስለ ማትሪክ ውጤት፣ ስለ ተነሣ ጎረቤት፣ አየር ማረፊያ ላይ ስለተሸኘ ወንድም ይጽፋሉ። የሰፈራችን ቤቶች ከፈረሱ በኋላ እኔ የጻፍኩት የመጀመሪያ ግጥም ስለ ውኃ ቧንቧ ነበር፤ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ እሱ ብቻ ቆሞ ነበርና። ከትልቅ ሐሳብ ይልቅ እንዲህ ካለ አንድ ዕቃ ተነሡ።

የአማርኛ ግጥም ምጣኔ ለዚህ ሙዚቃ እንዴት እንደሚስማማ ሳውቅ በጣም ተደስቻለሁ። የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ እያንዳንዱን ስንኝ በስድስትና በስድስት ቀለም (ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ የሚነገር የቃል ክፍል ነው) ለሁለት ይከፍለዋል፤ ባለ አራት ምት ዙር ደግሞ ስምንት ግማሽ ምቶች አሉት። ስድስቱ ቀለማት በስድስቱ ግማሽ ምቶች ላይ ሲያርፉ ሁለት ይተርፋሉ፣ በእነዚያም ዘፋኙ ይተነፍሳል። በፍጥነት ሲዘፈን ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ምጣኔውን ቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ቀለም በዝቷል።

መጥበቅና መላላትንም ጠብቁ። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል። በጩኸት መካከል መጥበቅ ያለበት ቃል ከላላ አድማጩ ሌላ ነገር ይሰማል፤ ስለዚህ የሚጠብቀውን ፊደል ስኔሩ በሚመታበት ቦታ ላይ ለማሳረፍ ሞክሩ፣ ድራሙ ራሱ ያጠብቅላችኋል። ስትጮኹም ከጉሮሮ አትጩኹ፤ ጩኸት ከሆድ በሚወጣ አየር ይደገፋል፣ ከልምምድ በኋላ ድምፅ ከሻከረ ወይም ጉሮሮ ካመመ የሠራችሁት ስሕተት ነውና ለጥቂት ቀናት ዕረፉ። የቀድሞ ፎካሪዎች በሜዳ ላይ ያለ ማይክ እንዴት ይሰሙ እንደነበር አስቡ።

መቅረጽና መድረክ

አምስት ዘፈን ሲኖራችሁ ቅረጹ። ስልኩን ከሲምባሉ ርቆ በመደርደሪያ ላይ፣ በሰው ደረት ከፍታ አስቀምጡና ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተጫወቱ፤ ድምፁን በኮምፒዩተር ለማስተካከል ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለወጥ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው ሥራው ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ሲገኝ ስለሆነ፣ የተቀዳውን ፋይልና ግጥሙን ከነቀኑ አስቀምጡ። ግጥሙን ማንም ይጻፈው፣ ዜማውን ማንም ያውጣው፣ እኛ ባለቤትነቱን ለአራት እኩል እንከፍላለን፤ ይህን ለሁሉም ባንድ ትክክል ነው አልልም፣ ለጓደኛሞች ግን ትክክል ነው። ቀረጻውን በቴሌግራምና በዩቲዩብ ልቀቁት።

መጀመሪያ የምትጫወቱት ለምታውቋቸው ሰዎች ይሁን፤ የትምህርት ቤት መዝጊያ፣ የጓደኛ ልደት ወይም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተቀዛቀዘ ካፌ ይበቃል። ልምድ ስታገኙ ፒያሳ ወዳለው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለው ጎተ ኢንስቲትዩት ሄዳችሁ ቀረጻችሁን ማሰማት ትችላላችሁ፤ ሁለቱም የሙዚቃ ዝግጅቶችን ሲያስተናግዱ የኖሩ ናቸው። ክፍያውን፣ የምትጫወቱበትን ደቂቃና ትራንስፖርቱን የሚችለው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ዝግጅታችሁን ከ25 ደቂቃ አታስበልጡት። ሁለት ትርፍ የጊታር ክር፣ አንድ ትርፍ ገመድ፣ የድራም ቁልፍ፣ የእጅ ባትሪና ቦክስ ጊታር ያዙ፤ መብራት ከጠፋ ድራመሩ በስኔሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ ዘፋኙም ወደ አድማጩ ቀርቦ፣ የትዝታውን ዘፈን ያለ አምፕሊፋየር ቀጥሉት። እኛ ላይ ይህ በሁለተኛው ዝግጅታችን ደርሶብን ሰዎች የስልካቸውን መብራት አበሩልንና እስከ መጨረሻው ዘፈን ድረስ ተጫወትን።

ሲያበቃ ገንዘቡን ከመካፈላችሁ በፊት የታክሲውን አውጡ፤ ሩቅ የሚሄደው ሰው ቀድሞ ይሸኝ፣ ድራሙን የቀረው ይሸከም።